ናዝሬትን በአዳማ መተካት፦ የደብዳቤው ፎርማት ሳይነካ

ጥያቄው፦ «አዳማ ውስጥ ለሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የደብዳቤ ማዘጋጃ ፕሮግራም በሲ ሻርፕ እየጻፍኩ ነው። የደብዳቤ ናሙናዎቹ በአርቲኤፍ ፋይል (ጽሑፉን ከነፎርማቱ በሚይዝ የፋይል ዓይነት) ተቀምጠዋል፤ የሚከፈቱትም በዊንዶውስ ፎርምስ ሪች ቴክስት ቦክስ (ፎርማት ያለው ጽሑፍ መጻፊያ ሳጥን) ውስጥ ነው። ብዙዎቹ አሁንም ‹ናዝሬት› ስለሚሉ ሁሉንም ወደ ‹አዳማ› መቀየር እፈልጋለሁ። ‹ቴክስት› በሚለው ፕሮፐርቲ ላይ ሪፕሌስ ሳደርግ ቦልዱም፣ ከሥሩ የተሰመረውም፣ መሐል ላይ የተቀመጠውም ይጠፋል። ‹አርቲኤፍ› በሚለው ፕሮፐርቲ ላይ ሳደርግ ደግሞ ምንም አይለወጥም፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም በቃሉ ቦታ የጥያቄ ምልክቶች ብቻ አወጣብኝ። ቃሉን ብቻ ለይቼ እንዴት ልተካ?»

መልስ፦

ሁለቱም መንገዶች ያልሠሩልዎት በአንድ ምክንያት ነው፤ ሰነዱን ራሱን ሳይሆን የሰነዱን ቅጂ ነው ያረሙት። ሪች ቴክስት ቦክስ በውስጡ የሚይዘው ፊደላቱንና እያንዳንዱ ፊደል የለበሰውን ፎርማት አንድ ላይ ነው። ‹ቴክስት› የሚለው ፕሮፐርቲ ፊደላቱን ብቻ ገልብጦ ይሰጥዎታል። ያንን ግልባጭ አርመው መልሰው ሲያስገቡት፣ ሳጥኑ የነበረውን ሰነድ በሙሉ አጥፍቶ አዲሱን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ዓይነት ፎርማት ይጽፈዋል። ጥፋቱን ይበልጥ የሚያከብደው፣ ወደ ኋላ የመመለሻ ታሪኩም አብሮ ስለሚሰረዝ ተጠቃሚው ኮንትሮል ዜድ ቢጫን እንኳ የነበረውን መልሶ አያገኝም።

የአርቲኤፉ ጉዳይ ለእኛ ፊደል የተለየ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አርቲኤፍ የተሠራው ለላቲን ፊደልና ለድሮዎቹ የዊንዶውስ ኮድ ፔጆች (ለየፊደሉ ቁጥር ለሚሰጡት ሠንጠረዦች) ነበር። ለግዕዝ ፊደል የዊንዶውስ ኮድ ፔጅ ስላልተሠራለት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በአርቲኤፍ ውስጥ የሚጻፈው በዩኒኮድ ቁጥሩ ነው። አንዱን ናሙና በኖትፓድ ከፍተው «ናዝሬት» ያለበትን ቦታ ቢፈልጉ ቃሉን አያገኙትም። በምትኩ ወደ ኋላ ያጋደለ ጭረት፣ «ዩ» የምትባለው የላቲን ፊደል፣ 4755 የሚል ቁጥርና የጥያቄ ምልክት ያያሉ፤ ይህ «ና» ነው። ቀጥለው በተመሳሳይ አጻጻፍ 4829፣ 4652 እና 4725 ይመጣሉ፤ እነዚህ ደግሞ «ዝ»፣ «ሬ» እና «ት» ናቸው። የጥያቄ ምልክቱ ዩኒኮድ ለማያነብ ፕሮግራም የተተወ ምትክ ነው። እንግዲህ ሪፕሌስ «ናዝሬት» የሚለውን ቃል በዚያ ስትሪንግ (የፊደላት ሰንሰለት) ውስጥ ቢፈልግ፣ ቃሉ በዚያ መልኩ ስለሌለ ምንም አለማግኘቱ ትክክል ነው። በሌላ መንገድ አስገድደው «አዳማ»ን በግዕዝ ፊደል በቀጥታ ወደ አርቲኤፉ ስትሪንግ ሲያስገቡት ደግሞ፣ ሳጥኑ ስትሪንጉን እንደ ተራ ባይት ስለሚያነበው ፊደላቱ ወደ ጥያቄ ምልክት ወይም ትርጉም ወደሌላቸው ምልክቶች ይለወጣሉ። ያዩት ይህን ይመስለኛል።

«እንግዲያስ ቁጥሮቹን በቁጥሮች ልተካቸው» ብለው ያስቡ ይሆናል፤ አልመክርም። አንድ ጸሐፊ «ናዝ» የሚለውን ብቻ በስሕተት ቦልድ አድርጎ «ሬት»ን ከተወው፣ በሁለቱ መካከል የቦልድ መዝጊያ ትእዛዝ ይገባና አራቱ ቁጥሮች ተከታታይ መሆናቸው ይቀራል። ስክሪኑ ላይ አንድ ሆኖ የሚታየው ቃል አርቲኤፉ ውስጥ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይገኛል። ትእዛዞቹን ሳይነኩ ቁጥሮቹን ብቻ ለመለወጥ መሞከር አንዲት ቅንፍ በማጥፋት ፋይሉን በሙሉ የማይከፈት ሊያደርገው ይችላል።

ትክክለኛው አሠራር ፍለጋውንና ተካውን መለየት ነው። ፍለጋው የሚካሄደው ‹ቴክስት› በሚሰጥዎት ግልባጭ ላይ ነው፤ እዚያ ቃሉ የትም ቢከፈል በፎርማት ሳይቆራረጥ ሙሉ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ የሚወስዱት የቃሉን መነሻ ቁጥርና ርዝመቱን ብቻ ነው። ተካው ደግሞ በሕያው ሰነዱ ላይ ይካሄዳል፤ ‹ሲሌክት› በሚለው ሜተድ ያንን ቦታ ይመርጡና አዲሱን ቃል ለ‹ሲሌክትድ ቴክስት› ይሰጣሉ። ሳጥኑ በተመረጠ ጽሑፍ ላይ ሌላ ጽሑፍ ሲተካ፣ አዲሱ ጽሑፍ የተመረጠውን የመጀመሪያ ፊደል ፎርማት ይወርሳል። ቦልድ የነበረው ቦልድ፣ የተሰመረበትም እንደተሰመረበት ይቀጥላል፤ በዙሪያው ያለው ጽሑፍ አይነካም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የድሮውን ቃል ሰርዞ ከዚያ አዲሱን ማስገባት፣ በአንድ ምት ከመተካት ጋር አንድ አይደለም። «ለናዝሬት» በሚለው ውስጥ ጸሐፊው «ለ»ን ተራ፣ «ናዝሬት»ን ቦልድ አድርጎት ከነበረ፣ ቃሉን መጀመሪያ ሲሰርዙት ከርሰሩ «ለ» አጠገብ ይቀራልና የሚገባው ቃል የ«ለ»ን ተራ ፎርማት ይወስዳል። ስለዚህ በሁለት እርምጃ አይሂዱ።

ቀጥሎ የሚመጣው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ይመስለኛል። የደብዳቤያችንን አናት እንውሰድ። በመጀመሪያው መስመር «ለናዝሬት ማዘጋጃ ቤት» ይላል፤ በሁለተኛው መስመር እንደ ልማዳችን የከተማው ስም ከሥሩ ተሰምሮበት «ናዝሬት» ብቻውን ይቆማል፤ በሦስተኛው መስመር «ጉዳዩ፡-» ይመጣል። ከ0 ጀምረን ብንቆጥር የመጀመሪያው «ናዝሬት» የሚነሣው ከ1 ሲሆን ሁለተኛው ከ14 ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ይዘው ከላይ ወደ ታች ቢተኩ፣ «ናዝሬት» አራት፣ «አዳማ» ደግሞ ሦስት ፊደል ስለሆነ ከመጀመሪያው ተካ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ቦታ ወደ መነሻው ይሳባል። አሁን ከ14 ጀምረው አራት ፊደል ሲመርጡ የሚመረጠው «ዝሬት» እና የመስመሩ መጨረሻ ምልክት ይሆናል። ውጤቱ «ናአዳማጉዳዩ፡-» የሚል አንድ የተጣበቀ መስመር ነው። የአንቀጽ አሰላለፍ ደግሞ ከአንቀጹ ምልክት ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ምልክቱ ሲበላ ሁለቱ አንቀጾች ይዋሓዱና የአንዱ አሰላለፍ አብሮ ይጠፋል። ከታች ወደ ላይ ከተኩ ግን ይህ ፈጽሞ አይደርስም፤ በ14 ላይ የሚደረገው ለውጥ በ1 ላይ ያለውን ቦታ የሚያንቀሳቅስበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሮቹን ሁሉ በዝርዝር ይሰብስቡ፤ ከዚያ ከመጨረሻው ጀምረው እየተኩ ወደ ላይ ይምጡ። ይህ አካሄድ ሌላም ጥቅም አለው። «አዳማ»ን ወደ «አዳማ ከተማ» መለወጥ ቢፈልጉ፣ እየፈለገ ከሥር ከሥሩ የሚተካ ሉፕ አዲሱ ቃል ውስጥ የድሮውን ደግሞ እያገኘ ላያቆም ይችላል፤ አስቀድሞ የተሰበሰበ ዝርዝር ግን ያልቃል።

የመስመር መጨረሻን በሚመለከት፣ ሪች ቴክስት ቦክስ በ‹ቴክስት› ላይ አንዱን የመስመር መጨረሻ እንደ አንድ ፊደል ይቆጥረዋል። ጽሑፉን ከሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ሁለት ፊደል ያለው የዊንዶውስ መስመር መጨረሻ ከሚጠቀም ፋይል ወስደው በዚያ ላይ ከቆጠሩ፣ በየመስመሩ አንድ አንድ እየተዛነፈ ይሄዳል። ምስል፣ ሠንጠረዥ ወይም ሊንክ ባለበት ሰነድም ቁጥሩ ሊዛነፍ ስለሚችል፣ እኔ ሁልጊዜ የማስገባው አንድ ማረጋገጫ አለ፦ ከመረጥኩ በኋላ፣ ከመተካቴ በፊት፣ የተመረጠው ጽሑፍ በእርግጥ የምፈልገው ቃል መሆኑን አነጻጽራለሁ፤ ካልሆነ ፕሮግራሙ ያንን ቦታ ትቶ በመዝገብ ያስቀምጠዋል። ሁለት መስመር ኮድ ናት፤ ብዙ ሰነድ ታድናለች።

ቃሉ ራሱ ድብልቅ ፎርማት ካለውስ? ምርጫው ውስጥ ሁለት ዓይነት ፎንት ሲኖር ‹ሲሌክሽን ፎንት› ባዶ፣ ማለትም ኑል ይመልሳል። ፎንቱን አስቀድመው አንብበው መልሰው የሚጽፉ ከሆነ ፕሮግራሙ በዚሁ ቦታ ይወድቃል። «ናዝ» ቦልድ፣ «ሬት» ተራ በሆነበት ጊዜ ሦስቱን የ«አዳማ» ፊደላት ለአራቱ ማከፋፈል ትርጉም የለውም። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያውን ፊደል ፎርማት ማስወረስ ይሻላል፤ በደብዳቤ ላይ ግማሽ ቃል ቦልድ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ማውሱ መሐል ላይ ስለቆመ እንጂ ጸሐፊው አስቦበት አይደለምና። በቀለም ማድመቂያ የተለየ ግማሽ ቃል ሲያጋጥም ግን ሰው አይቶ ይወስን፤ እርማት የሚፈልግ ቦታ ተብሎ ምልክት የተደረገበት ሊሆን ይችላል።

ፎንትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የተካው ቃል ቦልዱን ጠብቆ ሳለ የፊደሉ መልክ ከጎረቤቱ ተለይቶ ከታየዎት፣ ሳጥኑ ‹አውቶ ፎንት› በሚባለው አሠራሩ፣ የተመደበው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም ብሎ በራሱ ወደ ኒያላ ወይም ወደ ኤብሪማ ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ‹ላንጉጅ ኦፕሽን› በሚለው ፕሮፐርቲ ይህን ማጥፋት ይቻላል። ሁነኛው መፍትሔ ግን ናሙናዎቹን ከመጀመሪያው የግዕዝ ፊደል ባለው ፎንት ማዘጋጀት ነው።

እስካሁን ያልኩት ለማንኛውም ቋንቋ ይሠራል። አማርኛ ላይ ስንመጣ ግን የሚያስቸግረው ከኮዱ ይልቅ ቋንቋው ነው፤ እርስዎም ሥራዎን በደንብ ማጤን ያለብዎት እዚህ ላይ ነው።

ሙሉ ቃል ብቻ የሚፈልገውን ምርጫ አይጠቀሙ። «በናዝሬት»፣ «የናዝሬት»፣ «ከናዝሬት»፣ «ስለናዝሬት» የሚሉት መነሻቸው ላይ ፊደል ስለተጣበቀባቸው እንደ ሌላ ቃል ይቆጠሩና ይታለፋሉ። ያለዚህ ምርጫ ሲፈልጉ ደግሞ «ናዝሬትን»፣ «ናዝሬትና»፣ «ናዝሬትም» ያለ ችግር ይገኛሉ፤ ሲተኩም «አዳማን»፣ «አዳማና»፣ «አዳማም» ይሆናሉ። ነገር ግን «የናዝሬቱ ቅርንጫፍ» በሚለው ውስጥ «ናዝሬት» የሚል ተከታታይ ፊደል የለም። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚጽፍ፣ «ኡ» ስትጨመር «ት» ወደ «ቱ» ተለውጣለች፤ ለኮምፒዩተሩ ደግሞ «ት» እና «ቱ» ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ የሚያስፈልግዎት አንድ ጥንድ ሳይሆን አጭር ሠንጠረዥ ነው፤ «ናዝሬት» ለ«አዳማ»፣ «ናዝሬቱ» ለ«አዳማው»፣ «ናዝሬቷ» ለ«አዳማዋ»። በተቃራኒው አንድ ቀን «አዳማ»ን መፈለግ ቢያስፈልግዎት፣ አንዳንድ ጸሐፊ እንደ አነጋገሩ «ባዳማ» እና «ካዳማ» ብሎ ስለሚጽፍ እነርሱም መመዝገብ ይኖርባቸዋል።

ከዚህም በላይ ናዝሬት ሁሉ አዳማ አይደለም። ከተማዋ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ስሟ በይፋ ወደ አዳማ ተመልሷል፤ ይሁንና ቃሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ከተማ ስም ነው፣ አዲስ አበባ ያለ ትምህርት ቤት ስም ነው፣ የሴት ስምም ነው። «ናዝሬቱ»ን በሠንጠረዥዎ ውስጥ ባስገቡ ጊዜ «የናዝሬቱ ኢየሱስ» የሚለውም አብሮ ይያዛል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አዳማ ውስጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት ይህንኑ ሥራ ስሠራ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚተካ ትእዛዝ ሰጥቼ ነበር። ለፊርማ በተዘጋጀ አንድ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ «ወ/ሮ ናዝሬት» የሚለው «ወ/ሮ አዳማ» ሆኖ የተገኘው ወረቀቱ ከፕሪንተር ከወጣ በኋላ ነበር፤ ያየችውም ደብዳቤውን ለመውሰድ የመጣችው ወ/ሮ ናዝሬት ራሷ እንጂ እኔ አልነበርኩም። ፎርማቱ አንዲት ነጥብ ሳይዛነፍ ተጠብቆ ነበር፤ የሰው ስም ግን ተለውጧል። ከዚያ ወዲህ በእንዲህ ያለ ሥራ ሁሉ፣ ከተገኘው ቃል በፊትና በኋላ ያሉትን ጥቂት ቃላት ጨምሮ በዝርዝር የሚያሳይና እያንዳንዱን «ተካ» ወይም «እለፍ» የሚያስብል መስኮት አዘጋጃለሁ። ከፊቱ «አቶ»፣ «ወ/ሮ»፣ «ወ/ሪት» ወይም «ዶ/ር» ያለበትን ፕሮግራሙ በራሱ «እለፍ» ብሎ እንዲያቀርበው አደርጋለሁ። ደንበኛዎ «ለምን በአንድ ቁልፍ አያልቅም?» ቢልዎትም ይህችን መስኮት አያስቀሯት።

ስለ ሞክሼ ፊደላትም ላንሣ። ነገ ደግሞ «ኃላፊ» የሚለውን ማዕረግ መለወጥ ቢያስፈልግዎት፣ ናሙናዎቹ ውስጥ «ሀላፊ»፣ «ሃላፊ»፣ «ሐላፊ» እና «ኃላፊ» ተቀላቅለው ያገኟቸዋል። ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ግልባጭ ሠርተው ሀ፣ ሐ፣ ኀንና ራብዖቻቸውን ወደ አንድ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው ይለውጡ። ይህ አንድን ፊደል በአንድ ፊደል የሚተካ ስለሆነ የቦታ ቁጥሮቹ አይዛነፉም፤ በግልባጩ ላይ ያገኙት ቁጥር በዋናው ሰነድ ላይ እንዳለ ያገለግላል። «ቋ»ን እና «ቁዋ»ን ለማስማማት ግን በዚሁ መንገድ አይሞክሩ፤ አንዱ አንድ፣ ሌላው ሁለት ፊደል ስለሆነ ቁጥሩ ወዲያውኑ ይበላሻል። እነርሱን እንደ ሁለት የተለያዩ ቃላት በሠንጠረዡ ውስጥ ያስገቧቸው።

ናሙናዎቹ በጣም የቆዩ ከሆኑ ከሁሉ በፊት ሊፈትሹት የሚገባ ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ መሥሪያ ቤቶች ቪዥዋል ግዕዝን በመሳሰሉ ፎንቶች ይጽፉ ነበር። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ለዓይን አማርኛ ቢሆንም ከሥሩ ያሉት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ናቸው፤ አማርኛ ያስመሰላቸው ፎንቱ ብቻ ነው። እዚያ ሰነድ ላይ «ናዝሬት» ብለው ቢፈልጉ አንድም አያገኙም፤ ፎንቱን ቢለውጡት ደግሞ ደብዳቤው በሙሉ የማይነበብ ይሆናል። ከእንዲህ ዓይነቱ ሰነድ ጋር ተካ ከማሰብዎ በፊት ወደ ዩኒኮድ ይለውጡት። አንድ መስመር ‹ሲሌክት› አድርገው ፎንቱን ወደ ኒያላ ሲቀይሩ አማርኛነቱ ከጠፋ የድሮው ዓይነት ነው።

ስለ ፍጥነትና ስለ ስክሪኑ መርገብገብ አጠር ላድርግ። እያንዳንዱ ምርጫ ከርሰሩን ስለሚያንቀሳቅስ ረጅም ሰነድ ላይ ገጹ ሲዘል ይታያል። ከመጀመርዎ በፊት የከርሰሩን ቦታ ይያዙ፤ በዊንዶውስ ቁጥሩ 11 የሆነውን የ‹ሴት ሪድሮው› መልእክት በ0 ልከው ሥዕሉን ያስቁሙ፤ ሲጨርሱ በ1 መልሰው ይክፈቱና ሳጥኑን እንደገና እንዲሳል ያዝዙት። ‹ሰስፔንድ ሌይአውት› ለዚህ አይጠቅምም። እያንዳንዱ ተካ በመመለሻው ታሪክ ውስጥ ለየብቻው ስለሚመዘገብ፣ ተጠቃሚው ሁሉንም በአንድ ጊዜ መመለስ እንዲችል ከመጀመርዎ በፊት የነበረውን ‹አርቲኤፍ› ሙሉ ስትሪንግ በተለዋዋጭ ያስቀምጡና «የተካውን ሁሉ መልስ» የሚል ቁልፍ ያዘጋጁለት። ስትሪንጉን ሳይነኩ እንዳለ መልሰው ሲያስገቡት ፎርማቱ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል፤ አርቲኤፉ የሚበላሸው ሲቆራርጡት ብቻ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ይህን ፕሮግራም የሚያስኬዱበት ፎልደር ነው። ጥያቄዎ ናሙናዎችን ብቻ የሚመለከት ስለሆነ በናሙናዎቹ ላይ ይወሰን። የተላኩ ደብዳቤዎች ቅጂ የተቀመጡበት ፎልደር በዚያው ዲስክ ላይ ካለ፣ ፕሮግራሙ እዚያ እንዳይደርስ መንገዱን በኮዱ ውስጥ ይዝጉት። በ1980ዎቹ «ናዝሬት» ተብሎ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶበት የወጣ ደብዳቤ፣ በመዝገብ ቤት ያለው ወረቀት የሚለውን ሁሉ እንዳለ ማለት አለበት።